ባሌስትራ ገጀራ ሲሆን

በረዶ በሚበዛባቸው አገሮች ያረጀ የበረዶ ሸርተቴ ሁልጊዜ አይጣልም። አንዳንድ ሰዎች ጥቂቱን ጎን ለጎን ይደረድሩና በብረት ፍሬም ላይ በቡሎን አስረው የግቢ ወንበር ይሠሩበታል። ሲደገፉት ትንሽ ጎበጥ ብሎ ይመለሳል፤ ይመቻል።

ሚዛን ተፈሪ ወይም ቴፒ ሆናችሁ ይህን ስታነቡ «እዚህ በረዶ የለ፣ ሸርተቴ ከየት ይመጣል?» ትሉ ይሆናል። ልክ ናችሁ። ግን እኛም ዘንድ ረጅም፣ ቀጭን፣ ጎበጥ ያለ፣ ሲጫኑት ተለጥጦ የሚመለስ ነገር አለ፤ የጭነት መኪና ባሌስትራ። የእሱ ሁለተኛ ዕድሜ ደግሞ ከወንበር ያለፈ ታሪክ አለው።

ከስሙ እንጀምር። ባሌስትራ እንደ ጎማ፣ ላሜራና ካቻቢቴ ሁሉ ከጣሊያንኛ የመጣ ቃል ነው። በጣሊያንኛ ይኸው ቃል ጥንት ወታደሮች ይይዙት የነበረውን፣ በእንጨት ዘንግ ላይ የተጋደመ የቀስት ዓይነትም ይጠራበታል። ሁለቱ ምን ያገናኛቸዋል? ሲጎብጡ ጉልበት ያጠራቅማሉ፣ ሲለቀቁ ይመልሱታል። ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. በዘለቀው የጣሊያን ወረራ ብዙ የጭነት መኪና ወደ አገራችን ገባ፤ የመኪና መንገድም ተሠራ። መኪና ባለበት ደግሞ የሚሰበር ባሌስትራ አይጠፋም።

ከዚያ በፊትስ ብረት ከየት ይመጣ ነበር? ከአፈር! ከማጂ በስተምሥራቅ፣ ከኦሞ ወንዝ ማዶ የሚኖሩት ዲሜዎች በዚህ ሙያ የታወቁ ነበሩ። ብረት ያለበትን ድንጋይ ከከሰል ጋር ምድጃ ውስጥ ይጨምሩና በወናፍ ያነዱታል። የሚወጣው ብረት እንደ ውሃ አይፈስም፤ ቀዳዳ የበዛበት ጓል ነው። ቆሻሻው እስኪራገፍ ደጋግሞ መቀጥቀጥ ያስፈልጋል። የፋብሪካ ብረትና የመኪና ቁርጥራጭ በየገበያው ሲገኝ ይህ አድካሚ ሥራ እየቀረ ሄደ። መዶሻውና ወናፉ ግን ቀጠሉ።

ታዲያ ቀጥቃጩ ከቁርጥራጭ ብረት ሁሉ መርጦ ባሌስትራ የሚያነሳው ለምንድን ነው? ሚስጥሩ ካርቦን ነው። በባሌስትራ ብረት ውስጥ ግማሽ በመቶ ገደማ ካርቦን አለ። ካርቦኑ በጣም ቢያንስ ስለቱ ቶሎ ይዶለዱማል፤ በጣም ቢበዛ ብረቱ ይሰበራል። ቀጥቃጩ ባሌስትራውን እስኪቀላ ያግለዋል፣ ቀጥቅጦ ቅርጽ ያሲዘዋል፣ እንደገና አግሎ ውሃ ወይም ዘይት ውስጥ ይነክረዋል። በድንገት የቀዘቀዘ ብረት ይጠነክራል፣ ግን እንደ ብርጭቆ ተሰባሪ ይሆናል። ስለዚህ መልሶ በመጠኑ ያሞቀዋል። ቴርሞሜትር የለውም፤ ሙቀቱን የሚያነበው ከብረቱ ቀለም ነው። እንዲህ የተሠራ ገጀራ ነው በቡናው ጥላ ሥር ቁጥቋጦ የሚመነጥረው።

የበረዶ ሸርተቴስ ለምን እንዲህ አይቀጠቀጥም? ዘመናዊ ሸርተቴ አንድ ነገር አይደለም። እንጨት፣ ፋይበርግላስ፣ ፕላስቲክና የብረት ጠርዝ በሙጫ ተጣብቀው ነው የሚሠራው። እሳት ቢነካው ይለያያል። ስለዚህ ያለው ዕድል ቅርጹን እንደያዘ መታሰር ነው። ባሌስትራ ግን ከዳር እስከ ዳር አንድ ብረት ስለሆነ እሳት ሌላ ቅርጽ ሊሰጠው ይችላል። ይሁንና ከባሌስትራ የበረንዳ ወንበር መሥራት ያማራችሁ እንደሆነ እናንተም ከሸርተቴው ተማሩ፦ በብየዳ ፋንታ በቡሎን እሰሩት። ካርቦን የበዛበት ብረት ሳይሞቅ ከተበየደ በብየዳው አጠገብ ሊሰነጠቅ ይችላል። ብዙዎቹ ባሌስትራዎች መሃላቸው ላይ ቀዳዳ ስላላቸው ሥራው በከፊል ተጀምሮላችኋል። ቀለም መቀባቱን ግን አትርሱ፤ የሚዛን ዝናብ ብረት አይምርም።

አንድ ነገር ይቀራል፣ እሱም ቀላል አይደለም። ይህን ሁሉ የሚያውቀው ሰው በአገራችን ለዘመናት ምን ተባለ? «ቡዳ» ተባለ። ገበሬው በሠራለት ማረሻ እያረሰ ልጁን አልዳረለትም። በከፋና በአካባቢውም ቀጥቃጮች ከሌላው ተለይተው ይኖሩ ነበር። አፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባለሙያን መስደብ የሚከለክል አዋጅ አስነግረዋል፤ ስድቡ ግን በአዋጅ ብቻ አልጠፋም። እሳቱን በቀለም የማንበብ እውቀት እንደ ሳይንስ ሳይሆን እንደ እርግማን ተቆጠረ። በዚህ የተነሳ ስንት ልጅ የአባቱን ሙያ ሸሽቶ ይሆን?

እስቲ በሚቀጥለው የገበያ ቀን ገጀራ ወደሚሸጥበት ሂዱ። ቀጥቃጩን ካገኛችሁት በአክብሮት «አባባ፣ ይህ ብረት በፊት ምን ነበር?» ብላችሁ ጠይቁት። ብዙ ጊዜ መልሱ ከመኪና ይጀምራል።