ርዕስ ማለት ትልቅ ፊደል አይደለም

የድሮ የብራና መጽሐፍ ገልጦ ያየ ሰው ቀይ ቀለሙን አይረሳውም። ጸሐፊው አዲስ ክፍል ሲጀምር ብዕሩን ከጥቁሩ ቀለም ወደ ቀዩ ያዞራል። የእመቤታችንንና የቅዱሳንን ስም ሲጽፍም እንዲሁ። አንዱ ቀይ ሁለት ሥራ ይሠራል ማለት ነው። አንባቢው የቱ መነሻ፣ የቱ ስም እንደሆነ ስለሚያውቅ አይቸገርም። ኮምፒውተር ግን ይቸገራል። የዛሬው ወጋችን እዚህ ላይ ነው።

እ.ኤ.አ. በ1969 ቻርልስ ጎልድፋርብ፣ ኤድዋርድ ሞሸርና ሬይመንድ ሎሪ የተባሉ የአይቢኤም ባለሙያዎች የሕግ ሰነዶችን በኮምፒውተር ለማደራጀት ይታገሉ ነበር። መላቸው ቀላል ነው፤ ጽሑፉን «ይህን አድምቀው» ከማለት «ይህ ርዕስ ነው» ብሎ ምልክት ማድረግ። ስልቱን ጂኤምኤል አሉት። ሦስቱ ፊደላት የሦስቱም የቤተሰብ ስም መነሻዎች ናቸው (ብልጦች!)። ከዚሁ የተወለደው ኤስጂኤምኤል በ1986 ዓለም አቀፍ ደረጃ ሆነ።

ጄኔቫ አጠገብ ያለው የፊዚክስ ምርምር ማዕከል ሰርንም ሰነዶቹን በዚሁ ስልት ያዘጋጅ ነበር። እዚያ ይሠራ የነበረው ቲም በርነርስ ሊ በ1991 የኤችቲኤምኤል ምልክቶችን ሲዘረዝር ከኤች1 እስከ ኤች6 ያሉትን ስድስት የርዕስ ደረጃዎች ከማዕከሉ መመሪያ እንዳሉ ወሰዳቸው።

ኮመንትም የዚያው ዘር ነው። በአንግል ቅንፍ፣ በቃለ አጋኖና በሁለት ሰረዝ ይከፈታል፤ ብራውዘሩ አይቶ እንዳላየ ያልፈዋል። በብራና ኅዳግ ላይ እንደሚጻፍ ማስታወሻ፣ ከኛ በኋላ ገጹን ለሚነካው ሰው የምንተውለት መልእክት ነው። ምስጢር ግን አይደለም፤ የገጹን ምንጭ የከፈተ ሁሉ ያነበዋል። የይለፍ ቃል የምትጽፉበት ካላችሁ ዛሬውኑ አጥፉ።

በ1990ዎቹ አጋማሽ የፊደል መጠን የሚለውጥ ምልክት መጣና ነገሩ ተበላሸ። ሰዉ ርዕሱን «ርዕስ ነህ» ማለቱን ትቶ ማግዘፍ ብቻ ያዘ። ለዓይን ምን ልዩነት አለው? በ1999 የወጣው የድረ ገጽ ተደራሽነት መመሪያ «ርዕስን በርዕስ ምልክት ጻፉ» ቢልም፣ ስንቶቻችን ሰማን?

እኛም አልሰማንም። ማየት የተሳነው ጓደኛችን የሠራነውን ገጽ በስክሪን ሪደር ከፈተ። ርዕስ ከርዕስ የሚያዘልለውን የኤች ቁልፍ ነካ። ሶፍትዌሩ ርዕስ የለም አለው። እኛ ደግሞ ስድስት ድማቅ ርዕሶች እያየን አጠገቡ ቆመናል! ከላይ እስከ ታች ሁሉንም ቁጭ ብሎ አዳመጠ፤ የፈለገው ግን የመጨረሻውን አንቀጽ ብቻ ነበር።

ያን ማታ ስድስቱንም አስተካከልን። ከላያቸውም ለሚቀጥለው ሰው አንዲት ኮመንት ተውን፦ «ፊደሉን አታግዝፍ፤ ርዕስ መሆኑን ተናገር።»