የጭራቆች ከተማና የገነት ተራራ፦ ሳያዩን የጻፉን፣ ሳንሰማቸው የጻፍናቸው

የዛሬው ጽሑፍ ረዘም ይላል፤ ጊዜ ሲኖራችሁ ረጋ ብላችሁ አንብቡት።

በፈረንጆች ልብ ወለድ ውስጥ «ጎብሊን» የሚባል ፍጡር አለ። በአማርኛ ትክክለኛ አቻ የለውም። ከጭራቅም ከጋኔንም ትንሽ ትንሽ ተወስዶ የተሠራ ነው ብንል እንቀርባለን። ፊልም የሚያዩና ጌም የሚጫወቱ ወጣቶች በደንብ ያውቁታል። እንግሊዛዊው ደራሲ ቶልኪን እ.ኤ.አ በ1937 ባሳተመው «ዘ ሆቢት» ውስጥ ከተራራ ሥር የተቆፈረ የጎብሊኖች ከተማ አለ። ነዋሪዎቹ ጨካኞችና አስቀያሚዎች ናቸው፤ ብርሃን አይወዱም። ግን ባለሙያዎች ናቸው። ማዕድን ይቆፍራሉ፤ መዶሻ፣ መጥረቢያና ሰይፍ ይሠራሉ።

አሁን ይህንኑ መግለጫ፣ ስሙን ሳትጠሩ፣ ለአንድ የወሎ ሽማግሌ ንገሯቸው። ሌሊት የሚንቀሳቀስ፣ ብረት የሚቀጠቅጥ፣ ዓይኑ የሚፈራ፣ ከሰው ተራ የወጣ። «ቡዳ ነዋ!» ነው የሚሏችሁ።

የዛሬው ጉዳዬ ይኼ ነው። የጭራቅ ከተማ በልብ ወለድ ብቻ አይሠራም። ሰው ሄዶ ያላየውን ሀገር፣ ተቀምጦ ያላዋየውን ሕዝብ ሲጽፍ ከሁለት አንዱን ይሠራል፤ ወይ የጭራቅ መንደር፣ ወይ ገነት። ሁለቱም ላይ የሚጎድለው ያው አንድ ነገር ነው፤ እዚያ የሚኖረው ሰው። ለዚህ ምስክር ፍለጋ ሩቅ መሄድ አያስፈልገንም። ከደሴ ወደ ወልድያ በሚወስደው መንገድ ውጫሌን አልፋችሁ፣ መርሳ ሳትደርሱ ውርጌሳን ታገኛላችሁ። ከውርጌሳ በስተምዕራብ የአምባሰል ተራሮች አሉ። ግሸን ያለችው በዚያ በኩል ነው።

*መጀመሪያ ጭራቅ አደረጉን*

ከግሸን በፊት ግን ትንሽ ወደ ኋላ እንመለስ።

በመጀመሪያው መቶ ክፍለ ዘመን የሮማው ጸሐፊ ፕሊኒ በአፍሪካ ውስጥ ጭንቅላት የሌላቸው፣ ዓይንና አፋቸው ደረታቸው ላይ ያለ ሰዎች እንዳሉ ጻፈ። ስማቸውን ብሌምዬስ አላቸው። ብሌምዬስ በእርግጥም ነበሩ። በዓባይና በቀይ ባሕር መካከል ባለው በረሃ የኖሩ፣ ብዙ ምሁራን ከቤጃ ጋር የሚያያይዟቸው ሕዝቦች ናቸው። ቤጃዎችን ደግሞ የአክሱሙ ንጉሥ ኢዛና በድንጋይ ጽሑፉ ላይ ጠቅሷቸዋል። ኢዛና ወጋቸው፣ ማረካቸው፣ አሰፈራቸው። ጎረቤት ስለነበሩ ጭንቅላት እንዳላቸው ያውቃል። ለሮማው ሰው ግን ሩቅ ናቸው። ከሩቅ ሲታይ ጭንቅላት በቀላሉ ይጠፋል።

እ.ኤ.አ በ1165 አካባቢ ደግሞ በአውሮፓ አንድ ደብዳቤ መዞር ጀመረ። ላኪው «ካህኑ ንጉሥ ዮሐንስ» ነው ተባለ፤ ፈረንጆቹ ፕሬስተር ጆን የሚሉት። ደብዳቤው የፈጠራ ነበር። በንጉሡ ግዛት ወርቅና ዕንቁ እንደ አፈር ሞልቷል፤ ደግሞም ቀንዳም ሰዎች፣ ባለ አንድ ዓይኖች፣ ድንክዬዎችና ግዙፋን ይኖራሉ ይላል። መጀመሪያ ይህን መንግሥት በእስያ ፈለጉት። እዚያ ሲያጡት ከ14ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ጀምሮ ወደ ኢትዮጵያ አዞሩት። እ.ኤ.አ በ1300 አካባቢ የተሳለውና ዛሬም በእንግሊዝ ሄርፎርድ ካቴድራል ያለው ትልቅ የዓለም ካርታ በአፍሪካ ደቡባዊ ጠርዝ ላይ እንዲህ ዓይነት ፍጡራንን በረድፍ ደርድሯል።

*ቀጥሎ ገነት አደረጉን*

ፖርቹጋላዊው ቄስ ፍራንሲስኮ አልቫሬዝ እ.ኤ.አ ከ1520 እስከ 1526 በአፄ ልብነ ድንግል ዘመን ከመልእክተኞች ጋር በሀገራችን ቆየ። በአሁኑ ወሎ ምድር አልፏል፤ በግሸን ግርጌም ተጉዟል። ተራራው ላይ አልወጣም። ወደ ሥሩ ሲጠጉ በድንጋይ ውርወራ እንደተባረሩ ጽፏል።

የድንጋዩ ምክንያት ግልጽ ነው። አምባ ግሸን የንጉሣውያን እስር ቤት ነበረች። የንጉሥ ወንድሞችና ልጆች፣ የልጅ ልጆችም ጭምር፣ ለዙፋን እንዳይሻሙ እዚያ ይቀመጡ ነበር። አንዳንዱ እዚያው ተወልዶ እዚያው ይሞታል። አፄ ዘርዓ ያዕቆብ እ.ኤ.አ በ1434 ከመንገሣቸው በፊት የኖሩት እዚያ ነው። እ.ኤ.አ በ1494 የነገሡት አፄ ናዖድም ለዙፋን የተጠሩት ከዚያው አምባ ነው። አልቫሬዝ አንድ የሚያሳዝን ነገር መዝግቦልናል። ከታሰሩት መሳፍንት ለንጉሡ ደብዳቤ ይዞ የመጣ አንድ መነኩሴ ከአምባው ጠባቂዎች ጋር ይገረፍ ነበር። ወንጀሉ መልእክት ማድረስ ነው።

የአልቫሬዝ መጽሐፍ እ.ኤ.አ በ1540 ታተመ። በዚያው ዓመት የግራኝ አሕመድ ጦር፣ ቀደም ሲል ሞክሮ ያልሆነለትን አምባ ያዘ። መሳፍንቱ ተገደሉ፣ ሀብቱም ተዘረፈ። የመሳፍንቱ እስር ቤት በኋላ በጎንደር ዘመን ወደ ወህኒ አምባ ተዛወረ። እስር ቤትን «ወህኒ» የምንለው ከዚያ የተነሣ ነው።

እንግዲህ እውነተኛዋ ግሸን ይቺ ነች። ትውፊታችን እንደሚለው አፄ ዘርዓ ያዕቆብ ግማደ መስቀሉን ያኖሩባት፣ በየዓመቱ መስከረም 21 ምእመናን የሚጎርፉባት የጸሎት ቦታ፤ ደግሞም ልዑላን ዕድሜያቸውን የጨረሱባት እስር ቤት። ሁለቱም በአንድ ተራራ ላይ።

አሁን የሆነውን ተመልከቱ። ግሸን ከተያዘች ከ70 ዓመት በኋላ፣ እ.ኤ.አ በ1610፣ በስፔን ቫሌንሲያ ሉዊስ ደ ኡሬታ የሚባል መነኩሴ ስለ ኢትዮጵያ ትልቅ መጽሐፍ አሳተመ። ኡሬታ ኢትዮጵያን ረግጧት አያውቅም። በእሱ ብዕር ግሸን ሌላ ሆነች፤ ቤተ መንግሥቶች ያሉባት፣ አትክልቷ የማይደርቅ፣ በዓለም ያሉ መጻሕፍት የተከማቹባት፣ መሳፍንቱ በደስታ የሚማሩባትና የሚጫወቱባት አምባ። እስረኞቹ በብዕር ተፈቱ። ሬሳቸውም ተነሣ።

እ.ኤ.አ በ1603 ወደ ኢትዮጵያ የገባውና ቋንቋችንን የተማረው ፔድሮ ፓኤዝ ይህን መጽሐፍ ለመሞገት የራሱን ታሪክ ጻፈ። እ.ኤ.አ በ1622 ሞተ። ሌሎች ኢየሱሳውያን ለኡሬታ መልስ ቢያሳትሙም፣ የፓኤዝ መጽሐፍ ግን እስከ 20ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ድረስ ሳይታተም ቆየ። ኡሬታ በበኩሉ ተጓዘ። እንግሊዛዊው ሳሙኤል ፐርቻስ እ.ኤ.አ በ1613 «የአማራ ተራራ» ብሎ የኡሬታን ወሬ ለአንባቢዎቹ አደረሰ። ጆን ሚልተን እ.ኤ.አ በ1667 ባሳተመው ታላቅ ግጥሙ፣ ሰዎች እውነተኛዋ ገነት እያሉ የሚገምቱት ብሎ ይህንኑ ተራራ አነሣው። ኖሮ ያየው ሰው ጽሑፍ ሣጥን ውስጥ ተቀመጠ፤ ያላየው ሰው ወሬ ገነት ድረስ ወጣ። በዘመናችን ቋንቋ፣ ሐሰቱ «ቫይራል» ሆነ፤ እርማቱን ማንም ሼር አላደረገውም።

*አንድ የተለየ እንግሊዛዊ*

ሳሙኤል ጆንሰንም ኢትዮጵያን አላየም። እ.ኤ.አ በ1735፣ ገና ወጣት ሳለ፣ ከ1625 ጀምሮ ለዓመታት እዚህ የኖረውን የፖርቹጋላዊውን ጀሮኒሞ ሎቦ የጉዞ ታሪክ ወደ እንግሊዝኛ መለሰ። በመግቢያው ላይ ሎቦን ያመሰገነበት ምክንያት ያስገርማል። ያየውን እንዳየ ጻፈ፤ በዓይኑ የሚገድል እባብም ሆነ እያለቀሰ የሚበላ አዞ አላመጣብንም ይላል። የሰው ልጅ ባለበት ሁሉ ደግነትና ክፋት ተቀላቅለው እንደሚገኙም ያክላል።

እኔ ይህን መግቢያ ከብዙ የታሪክ መጽሐፍ አስበልጬ አየዋለሁ። ጆንሰን በ1759 «ራስላስ» የተባለውን ልብ ወለድ ሲጽፍ መነሻው ያው የታጠሩ መሳፍንት ወሬ ነው። ሸለቆው ውብ ነው፤ ምንም አይጎድልም። ልዑሉ ግን ሰለቸው፤ ቆፍሮም አመለጠ። ጆንሰን ሀገሩን ባያይም ሰውን ስላልረሳ ከኡሬታ ይልቅ ወደ ግሸን እስረኞች ቀረበ። ከሩቅ መጻፍ ኀጢአት አይደለም ማለት ነው። ኀጢአቱ የምትጽፈው ሰው እንዳንተው የሚሰለቸው፣ የሚፈራና የሚናደድ መሆኑን መርሳት ነው።

*እኛስ?*

ፈረንጅን ወቅሶ መጨረስ ቀላል ነው። ብዙዎቹ ልጥፎች እዚህ ላይ ነው የሚያበቁት። ግን እኛም የራሳችን የጎብሊን ከተማ ነበረን፤ ያውም ከደጃፋችን።

ብረት ቀጥቃጩ ጠይብ ተባለ። ሌሊት ጅብ ሆኖ ያድራል ተባለ። ሸክላ ሠሪዋ ዓይኗ ይበላል ተባለች። ቆዳ የሚያለፋው ፋቂ፣ ሸማኔው ቁጢት በጣሽ ተባሉ። ገበሬው በቀጥቃጩ ማረሻ ያርሳል፣ በቀጥቃጩ ማጭድ ያጭዳል፤ ለልጁ ግን ከቀጥቃጩ ቤት ሚስት አያጭም። እመቤቲቱ በሸክላ ሠሪዋ ምጣድ እንጀራ ትጋግራለች፣ በጀበናዋ ቡና ታፈላለች፤ ልጇን ግን ከዓይኗ ትሸሽጋለች። ፕሊኒ ቢያንስ ሰዎቹን ስላላገኛቸው ነው። እኛ በየሳምንቱ ገበያ እያገኘናቸው ነው ጅብ ያደረግናቸው።

ይህ የተረት ጨዋታ ብቻ አልነበረም። አፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም ባለሙያን በሥራው መስደብን የሚከለክል አዋጅ እስከማውጣት ደርሰዋል። ንጉሡ ያሳሰባቸው ነገር ግልጽ ነበር። ሠሪ ከተሰደበ ሠሪ አይኖርም፤ ሠሪ የሌለው ሀገር ደግሞ ሁሉን ከውጭ ለማኝ ይሆናል። አዋጁ ከወጣ ከ110 ዓመት በላይ ሆኖታል። ዛሬም ብዙ ቦታ የቀጥቃጭ ልጅ ጋብቻ ሲጠይቅ «ዘሩ ይጣራ» ይባላል። አባቶቹ ያስተማሩትን ሙያ የሚደብቅ ወጣት አለ። ሀገሪቱ ፋብሪካ ትፈልጋለች፤ የብረትን ጠባይ ከማንም በፊት ያወቁትን ግን ከሰው ተራ አውጥታ ኖራለች።

*ከውርጌሳ ሲታይ*

ይህን ሁሉ ያነሣሁት ስለ ጥንት ብቻ ለማውራት አይደለም። ነሐሴ 2013 ዓ.ም ወልድያ በጦርነቱ ከተያዘች በኋላ እስከ ታኅሣሥ 2014 ዓ.ም ድረስ ሰሜን ወሎ ከስልክም ከመብራትም ተቆርጦ ከረመ። ውርጌሳም የውጊያ ቦታ ሆና ነበር። በእነዚያ ወራት ስለ ውርጌሳ፣ ስለ መርሳ፣ ስለ ወልድያ በየቴሌግራሙና በየፌስቡኩ ያልተጻፈ ነገር የለም። የጻፈው አብዛኛው ሰው እዚያ አልነበረም። እዚያ የነበረው ሰው ደግሞ መጻፍ አይችልም ነበር። ከተማዋ ዛሬ ነጻ ወጣች ይባላል፣ ነገ ደግሞ ወደመች። በየልጥፉ አንዴ የጀግኖች መንደር፣ አንዴ የከሃዲዎች መንደር ትሆናለች። በቤቷ ተቀምጣ ለልጆቿ ዱቄት የምታብቃቃው እናት ግን በአንዱም ውስጥ የለችም።

ቃላቱንም አስታውሱ። በየወገኑ ሌላው ወገን የአውሬ ስም ወጥቶለት ነበር። ጅብ የሚለው ስድብ ከቀጥቃጩ ደጃፍ ተነሥቶ ወደ ፖለቲካው ገባ። ሰውን ጅብ ካልከው በኋላ ምን ብታደርገው አይከብድህም። ጅብ ቢገደል ማን ለቅሶ ይቀመጣል?

በጋዜጠኝነት ሥራ ውስጥ የተማርኩት ትልቁ ነገር አጭር ነው። አንድ ዘገባ ሲመጣልህ «እውነት ነው ወይስ ሐሰት?» ከማለትህ በፊት «ማን ነገረው? የት ሆኖ?» በል። ስለ አንድ ከተማ የሚያወራ ልጥፍ ውስጥ የከተማው ሰው ድምፅ ከሌለ፣ ሙገሳም ይሁን ውግዘት፣ ኡሬታ ነው የጻፈው። ነዋሪዎቹ ሁሉ ቅዱሳን ከሆኑ ተጠራጠር። ነዋሪዎቹ ሁሉ ሰይጣናት ከሆኑም ተጠራጠር። ቅልቅሉ ከሌለ ሰው የለም።

ሌላም ልጨምር። የግሸን መሳፍንት ደብዳቤ ልከው ነበር፤ ያደረሰላቸው መነኩሴ ነው የተገረፈው። ዛሬም ከተዘጋ ቦታ ድምፅ ይዞ የሚወጣ ሰው በሁሉም ወገን ሲገረፍ እናያለን። «ለምን ይህን አሁን አወራህ? ለማን ብለህ ነው?» ይባላል። መልእክተኛው ሲፈራና ዝም ሲል ክፍተቱ ባዶ አይቀርም። ከቫሌንሲያ የሚጽፍ አይጠፋም።

ስለዚህ ሼር ከማድረጋችሁ በፊት ለአንድ የዚያ አካባቢ ሰው ደውሉ። ስልኩ ካልሠራ ደግሞ እስኪሠራ ጠብቁ።

ከውርጌሳ፣ ከመርሳ፣ ከወልድያና ከአምባሰል የምታነቡ፣ በ2013 እና በ2014 ዓ.ም ስለ ቀያችሁ ከተጻፈው ውስጥ የትኛው እናንተን ይመስል ነበር? የትኛውስ ፈጽሞ አይመስላችሁም? ከታች ጻፉልን። ሳምንት በእናንተ መልስ እንጀምራለን።

ቸር ያሰንብተን።