የኮኩ ልጅና የጭራቆቹ ደሴት

ተረት ከአፍ ወደ መጽሐፍ በሚሸጋገርበት ጊዜ አዘጋጁ የኖረበት ዘመን አሻራውን ያሳርፍበታል። የጃፓኑ «ሞሞታሮ»፣ ማለትም የኮኩ ልጅ ታሪክ፣ ለዚህ ግልጽ ምስክር ነው።

ከኮክ ፍሬ የተገኘው ልጅ ውሻን፣ ዝንጀሮንና አንድ የዱር ወፍን ስንቁን አካፍሎ ያስከትላል፤ ወደ ጭራቆች ደሴት ዘምቶም ሀብታቸውን ጭኖ ይመለሳል። በኤዶ ዘመን (1603–1868 እ.ኤ.አ.) በታተሙ በርካታ መጻሕፍት ሽማግሌውና አሮጊቷ ኮኩን በልተው ወደ ወጣትነት ይመለሱና ልጁን እንደማንኛውም ወላጅ ይወልዱታል። ኋላ ለልጆች ሲዘጋጅ ይህ ቀርቶ ሕፃኑ ከፍሬው መሐል እንዲወጣ ተደረገ።

ኢዋያ ሳዛናሚ ከ1894 እስከ 1896 ጥንታዊ ተረቶችን በ24 ቅጾች ለልጆች ሲያሳትም የመጀመሪያውን ቅጽ ለሞሞታሮ ሰጠ። በዚህ ድርሰት ጭራቆቹ ለንጉሠ ነገሥቱ ሥርዓት አንገዛም ያሉ ጠላቶች ሆነው ቀረቡ። ጃፓን ከቻይና ጋር ጦርነት የገጠመችውም በዚያው በ1894 ነበር።

አኩታጋዋ ርዩኖሱኬ በ1924 ተረቱን ገልብጦ ጻፈው፤ ጭራቆቹ በውብ ደሴታቸው በሰላም የሚኖሩ፣ ሞሞታሮም ሥራ ጠልቶ ለዝርፊያ የሚዘምት ወራሪ ሆኑ። የጦሩ ሹማምንት የመረጡት ግን የቀድሞውን ጀግና ነበር። በ1945 በባሕር ኃይሉ ድጋፍ የተሠራው ረጅም የካርቱን ፊልም ሞሞታሮን አዛዥ፣ እንስሳቱን ወታደሮች አድርጎ አሳየ። በዚያው ዓመት በነሐሴ ወር ጃፓን ተሸነፈች።

ሞሞታሮ ዛሬም ለጃፓን ልጆች ይተረታል። ጭራቁ ማን እንደሆነ የሚወስነው ተራኪው በመሆኑ፣ ለልጆች የሚጽፍ ደራሲ ኃላፊነቱ ከባድ ነው።