ሳይሰሙ የፈረዱ ኮሌጆች

በወሎ አበጋር የሚባሉ አስታራቂዎች አሉ። ሁለት ወገን ሲጣላ፣ ደም ሲቃባም ጭምር፣ እስላሙም ክርስቲያኑም ነገሩን ወደ እነርሱ ይዞ ይቀርባል። በዳይ የተባለው በሸንጎው መካከል ቆሞ ይናገራል፤ ተበዳይም እንዲሁ። አንዱን ብቻ ሰምቶ የፈረደ አስታራቂ ከዚያ በኋላ የሚሰማው አያገኝም። እኔ የኩታበር ልጅ ነኝና ዳኝነት ማለት ይህ ነው ብዬ ነው ያደግሁት። የሀገራችንን የከፍተኛ ትምህርት ታሪክ ሳነብ ግን አንድ ጥያቄ ሁልጊዜ ይከነክነኛል። ፊደል ያልቆጠረ ሽማግሌ የሚያውቀውን ይህን ሥርዓት፣ ምሁራን የተሰበሰቡበት ኮሌጅ እንዴት ሳያውቀው ቀረ?

ነገሩን ከሥሩ እንየው። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ በ1943 ዓ.ም. ሥራ ሲጀምር አስተዳደሩ በካናዳውያን ኢየሱሳውያን እጅ ነበር፤ የበላዩም ዶክተር ሉሲየን ማት ነበሩ። ተማሪው አዳሪ ነው። ይመግቡታል፣ ያስተኙታል፣ መግቢያና መውጫውን ይቆጣጠሩታል። በአጭሩ ኮሌጁ የአባትን ቦታ ያዘ። አባት ደግሞ ልጁን ሲቀጣ ክስ አይጽፍም፣ ምስክር አይጠራም። በዚያ ዘመን ይህ አስተሳሰብ የእኛ ብቻ አልነበረም፤ በአሜሪካና በእንግሊዝ ኮሌጆችም የተለመደ ነበር።

ችግሩ የታየው ተማሪው መናገር ሲጀምር ነው። በ1953 ዓ.ም. በኮሌጁ ቀን ታምሩ ፈይሳ «ደሃው ይናገራል» የተሰኘ ግጥሙን አነበበ። በተከታዩ ዓመት የተነበቡት ግጥሞች ደግሞ ቤተ መንግሥቱን ይበልጥ አስቆጡ። ተማሪዎች ታገዱ፤ የአዳሪነት ሥርዓቱም ቀረ። እዚህ ላይ ቆም ማለት ያስፈልጋል። ግጥም ያነበቡት ጥቂቶች ናቸው፤ ከመኝታውና ከማዕዱ የተፈናቀለው ግን ሁሉም ነው። አዲስ አበባ ዘመድ ያለው ዘመዱ ዘንድ ያድራል። ከሳይንት፣ ከቦረና ወይም ከኩታበር የመጣው የገበሬ ልጅስ ወዴት ይሂድ? ቅጣቱ የወደቀው በአጥፊው ላይ ሳይሆን አቅም ባነሰው ላይ ነበር።

በየካቲት 1957 ዓ.ም. ተማሪዎች «መሬት ለአራሹ» እያሉ ወደ ፓርላማ ሰልፍ ወጡ። ፓርላማው በባለመሬትና በጭሰኛ ጉዳይ ላይ ረቂቅ ሕግ የሚመለከትበት ጊዜ ነበር። የዩኒቨርሲቲው አስተዳደር 9 የተማሪ መሪዎችን አገደ። ፈተና አልሰረቁም፣ ሰው አልደበደቡም። ጥፋታቸው ሰልፍ መምራታቸው ነው። በመጋቢት 1960 ዓ.ም. በግቢው የልብስ ፋሽን ትርዒት ምክንያት ረብሻ ሲነሳ ደግሞ ዩኒቨርሲቲው እስከ መዘጋት ደረሰ። የረበሸውም፣ ያልረበሸውም፣ በቤተ መጻሕፍት ተቀምጦ የሚያነበውም እኩል ተቀጣ።

ከባሕር ማዶ አንድ ነገር ላንሳ፤ ማነጻጸሪያ ይሆነናል። በአሜሪካ በአላባማ ግዛት በሞንትጎመሪ ከተማ የሚማሩ ጥቁር ተማሪዎች በየካቲት 1952 ዓ.ም. ለነጮች ብቻ በተከለለ ምግብ ቤት ገብተው አስተናግዱን አሉ። ኮሌጃቸው 9 ተማሪዎችን አባረረ፤ ክሳችሁ ይህ ነው አላላቸውም፣ ቃላቸውንም አልሰማም። ከመካከላቸው ዲክሰን የሚባለውና ጓደኞቹ ፍርድ ቤት ሄዱ። በሐምሌ 1953 ዓ.ም. የይግባኝ ሰሚው ፍርድ ቤት የመንግሥት ኮሌጅ ተማሪውን ከማባረሩ በፊት ክሱን ሊነግረውና መልሱን ሊሰማ ይገባል ሲል ወሰነ። የአባትነት ሥልጣን የሚባለው አስተሳሰብ በአሜሪካ መሸርሸር የጀመረው ከዚያ ወዲህ ነው።

የእኛዎቹ 9 ተማሪዎች የታገዱት ከዚያ ፍርድ 4 ዓመት ያህል ቆይቶ ነው። ሁለቱም የተቀጡት በአደባባይ ጥያቄ ስላነሡ ነው። የኛዎቹ ግን የታገዱበትን ምክንያት የሚያስመረምሩበት ገለልተኛ ዳኛ አልነበራቸውም። ንጉሠ ነገሥቱ የዩኒቨርሲቲው ቻንስለር ነበሩና፣ ይግባኙ ዞሮ ዞሮ የሚደርሰው እዚያው ከተቆጡት ዘንድ ነው።

የመሰማት በር ሲዘጋ ሌላ በር መከፈቱ አይቀርም። በወሎ ተወልዶ በደሴ ወይዘሮ ስኂን ትምህርት ቤት የተማረው ዋለልኝ መኮንን ስለ ብሔረሰቦች ጥያቄ የጻፈው ጽሑፍ በኅዳር 1962 ዓ.ም. በተማሪዎቹ መጽሔት ወጣ። በጽሑፉ የሚስማማም የማይስማማም አለ፤ የክርክሩ ቦታ ግን ዩኒቨርሲቲ መሆን ነበረበት። ታኅሣሥ 19 ቀን የተማሪዎች ማኅበር ፕሬዚዳንት ጥላሁን ግዛው በጥይት ተገደለ። በማግሥቱ በስድስት ኪሎ ግቢ አስከሬኑን ከብበው በነበሩት ተማሪዎች ላይ ተተኮሰ። ዋለልኝም ኅዳር 29 ቀን 1965 ዓ.ም. አውሮፕላን ለመጥለፍ ሲሞክር ከጓደኞቹ ጋር ተገደለ። ይህ ሁሉ የሆነው የዲሲፕሊን ሥርዓት ስላልነበረ ብቻ ነው አልልም፤ መሬቱም፣ ድህነቱም፣ የፖለቲካው መታፈንም አለበት። ነገር ግን በቃል ሊያልቅ የሚችለው ነገር ወደ ጥይት እንዲሄድ ኮሌጁ የራሱን ድርሻ አዋጥቷል።

ታሪኩ በዘውዱ አላበቃም። በሚያዝያ 1993 ዓ.ም. የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ፖሊስ ከግቢያችን ይውጣ፣ ማኅበራችንና ጽሑፋችን ይፈቀድልን ባሉ ጊዜ መልሱ እንደገና ዱላና ጅምላ እስር ሆነ። ረብሻው ወደ ከተማው ተዛምቶ ከ30 የሚበልጡ ሰዎች ሞቱ።

ዛሬ ብዙ ነገር ተለውጧል። ያኔ ከወሎ የተነሣ ልጅ ለከፍተኛ ትምህርት አዲስ አበባ መውረድ ነበረበት። አሁን ደሴ የወሎ ዩኒቨርሲቲ አላት፣ በመካነ ሰላምም የመቅደላ አምባ ዩኒቨርሲቲ ግቢ አለ። የዲሲፕሊን ኮሚቴና የይግባኝ ደንብም በወረቀት ሰፍሯል። ወረቀቱ የሚመዘነው ግን በሥራ ነው። ፈተና የኮረጀ፣ ንብረት የሰረቀ፣ እህቱን የተነኮሰ ተማሪ ይቀጣ፤ በዚህ ክርክር የለኝም። ያለ ቅጣት ትምህርት ቤት አይቆምም። ነገር ግን ክሱ በጽሑፍ ይድረሰው፣ ማስረጃውን ይይ፣ የሚመልስበት ቀን ይሰጠው፤ ከሳሹም ዳኛው ሆኖ አይቀመጥ። ጥፋቱም በስሙ ይጠራ፤ ጥያቄ ማንሳት ከስርቆት ጋር በአንድ መዝገብ አይጻፍ። የአንዱም ዕዳ ለመላው ግቢ አይከፈል።

ይህ ለተማሪው ማባበያ አይደለም። በኩታበር አንድ ገበሬ ልጁን ለማስተማር በሬውን ሊሸጥ ይችላል። ያ ልጅ በአንድ ማስታወቂያ ተባርሮ ሲመለስ አባቱ የሚጠይቀው አንድ ነገር ነው፤ «ምን አደረግህ?» ልጁ ለዚህ መልስ እንኳ ከሌለው፣ ኮሌጁ የቀጣው ልጁን ብቻ አይደለም።