ተተኪ ቸርኬ ለአሮጌ ፒክአፕ

ቸርኬ ጎማውን ከሞዞው ጋር የሚያገናኝ የብረት ወይም የአልሙኒየም አካል ነው። የአሮጌ ፒክአፕ ቸርኬ ሲጣመም፣ ሲሰነጠቅ ወይም ዝገት ሲበላው የሚተካው ሌላ ቸርኬ በዲያሜትርና በስፋት መመሳሰሉ ብቻ አይበቃም። የቡሎን ቀዳዳዎቹ አቀማመጥ፣ የመሐል ቀዳዳው፣ የዳዶው መቀመጫ፣ ገባ ወይም ወጣ ማለቱና የሚሸከመው ክብደት ሁሉ ከመኪናው ጋር መስማማት አለባቸው። ቀዳዳው ገጠመ ማለት ቸርኬው ልክ ነው ማለት አይደለም፤ አብዛኛው ስህተትም የሚፈጠረው እዚህ ላይ ነው።

በድሬዳዋ ብዙ ዓመት ያገለገሉ ሃይሉክስ፣ ላንድክሩዘር፣ ኢሱዙና ሚትሱቢሺ ፒክአፖች ዛሬም ጭነት ያመላልሳሉ። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይስ ታክስ አዋጅ ቁጥር 1186 ባገለገሉ መኪኖች ላይ ከባድ ታክስ ስለጣለ፣ ያለውን ጠግኖ መያዝ የበለጠ አዋጭ ሆኗል። ተተኪው ቸርኬም ብዙ ጊዜ ከሌላ መኪና የተፈታ ሳልቫጅ ነው፤ ከየትኛው ሞዴል እንደወጣ ሻጩ ላያውቅ ስለሚችል ገዢው መለካት ይኖርበታል። መንገዱ ደግሞ ይቅርታ አያደርግም። ከተማዋ ከባሕር ጠለል በላይ 1,200 ሜትር ገደማ ላይ ስትሆን፣ የሐረር መንገድ በጥቂት ኪሎ ሜትር ውስጥ እየተጠማዘዘ ከ2,000 ሜትር በላይ ወዳለው ደንገጎ ይወጣል። ጭኖ ቁልቁል የሚወርድ ፒክአፕ የፍሬኑ ግለት በቀጥታ ወደ ቸርኬውና ወደ ጎማው ይተላለፋል፤ የቆላው ሙቀት ሲታከልበት ደካማው ቸርኬ የሚጋለጠው ያኔ ነው።

የመጀመሪያው ልኬት የቡሎኖቹ ብዛትና የተደረደሩበት ክብ ዲያሜትር ነው። ባለ ስድስት ቡሎን ከሆነ ከአንዱ ቡሎን መሐል ፊት ለፊቱ እስካለው ቡሎን መሐል ይለካል፤ በአብዛኞቹ የጃፓን ፎርዊል ፒክአፖች 139.7 ሚሊ ሜትር ነው። ባለ አምስት ቡሎን ፊት ለፊት የሚተያይ ጥንድ ስለሌለው፣ የሁለት ጎን ለጎን ቡሎኖች ርቀት ከመሐል እስከ መሐል ተለክቶ ለ0.588 ይካፈላል። 88.2 ሚሊ ሜትር ከተገኘ ክቡ 150፣ 67.2 ከተገኘ ደግሞ 114.3 ሚሊ ሜትር ነው። ይህ ስሌት በተለይ ላንድክሩዘር ፒክአፕ ላላቸው ይጠቅማል። የቀድሞው 75 ሞዴል ስድስት ቡሎን በ139.7 ሲሆን፣ እ.ኤ.አ. በ1999 የመጣው 79 ሞዴል አምስት ቡሎን በ150 ነው። ሁለቱ መኪኖች ከሩቅ ሲታዩ ቢመሳሰሉም ቸርኬያቸው አይቀያየርም።

ሁለተኛውና በብዛት የሚዘነጋው የመሐል ቀዳዳው ነው። የፎርዊል ሃይሉክስ 106 ሚሊ ሜትር፣ የሚትሱቢሺ ኤል 200 ደግሞ 67 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው። ሁለቱም ስድስት ቡሎን በ139.7 ስለሆኑ ጎን ለጎን ተደግፈው ሲታዩ አንድ ይመስላሉ። የኤል 200 ቸርኬ ወደ ሃይሉክስ ሲጠጋ ቀዳዳዎቹ ከቡሎኖቹ ጋር ልክ ይሆናሉ፤ የሃይሉክስ ሞዞ ግን በመሐሉ አያልፍም። ሲገለበጥ ችግሩ ይደበቃል፦ የሃይሉክስ ቸርኬ በኤል 200 ላይ ይገባል፣ በሞዞው ዙሪያ ግን ወደ 20 ሚሊ ሜትር የሚጠጋ ክፍተት ይቀራል። ቸርኬውን መሐል ላይ የሚይዘው ዳዶው ብቻ ይሆናል፤ ትንሽ ወደ አንድ ጎን ሄዶ ከታሰረ መኪናው ፍጥነት ሲጨምር መሪው ይንቀጠቀጣል። መፍትሔው ክፍተቱን የሚሞላ በልክ የተሠራ ቀለበት ነው። እ.ኤ.አ. በ1902 ባቡር ከገባባትና የባቡሩ ወርክሾፕ ብረት ሥራን ካስለመዳት ከተማ ይህን የሚያወጣ የቶርኖ ባለሙያ አይታጣም። ጠባቡን ቀዳዳ በኦክስጅን ማስፋት ግን ፈጽሞ መደረግ የለበትም፤ ግለቱ ብረቱን ያደክመዋል፣ ክቡም ከመሐሉ ይዛነፋል።

የዳዶው ጥርስም ሊታይ ይገባል። የሃይሉክስና የኤል 200 ቡሎን 12 ሚሊ ሜትር ሆኖ የጥርሱ ርቀት 1.5 ነው፤ የኒሳን ፒክአፕም 12 ሚሊ ሜትር ነው፣ የጥርሱ ርቀት ግን 1.25 ነው፤ የላንድክሩዘር 79 ደግሞ 14 ሚሊ ሜትር በ1.5። የኒሳን ዳዶ በቶዮታ ቡሎን ላይ ጥቂት ዞሮ ይነክሳል፤ በኃይል ከተጠበቀ ጥርሱን ይበላዋል። ዳዶው የሚያርፍበት ቅርጽም ይለያያል። የብረት ቸርኬ ሾጣጣ ዳዶ ሲፈልግ፣ ብዙዎቹ የቶዮታ ፋብሪካ አልሙኒየም ቸርኬዎች አንገትና ጠፍጣፋ ሮንዴላ ያለው ዳዶ ይፈልጋሉ። ስለዚህ ከብረት ወደ አልሙኒየም የሚቀይር ሰው ዳዶውንም አብሮ ይቀይራል።

ኦፍሴት የሚባለው ከቸርኬው ስፋት አጋማሽ አንስቶ ሞዞው ላይ እስከሚያርፈው ገጽ ያለው ርቀት ነው። ገጹ ወደ ውጭ በቀረበ መጠን ጎማው ወደ ውስጥ ይገባል። የሃይሉክስ ቪጎ ቸርኬ ኦፍሴት 30 ሚሊ ሜትር ሲሆን ከእሱ በፊት የነበሩት ሃይሉክሶች ያነሰ ስለነበራቸው፣ የቪጎ ቸርኬ በአሮጌው ላይ ወደ ውስጥ ይጠጋል። በዚህ ጊዜ መሪው ሙሉ በሙሉ በሁለቱም በኩል ዞሮ ጎማው ከፍሬን ቱቦ፣ ከመሪ ዘንግና ከባሌስትራ ጋር እንደማይነካካ ይረጋገጣል። ለመልክ ሲባል ወደ ውጭ የሚወጣ ቸርኬ ደግሞ ኩሽኔታውን ያለ ጊዜው ይበላል፤ ለጭነት መኪና የሚመረጥ አይደለም።

ጎማው ሲመረጥ አጠቃላይ ቁመቱ ከነበረው መራቅ የለበትም። 205 አር 16 ቁመቱ 734 ሚሊ ሜትር ያህል ሲሆን 255/70 አር 15 በ738 ይቀርበዋል። 265/70 አር 16 ግን 777 ስለሚደርስ መኪናው በ80 ሲሄድ ቆጣሪው 75 ገደማ ያሳያል፣ ዳገቱም ይከብደዋል። የጭነት መለያ ቁጥሩ ከፋብሪካው ባነሰ መተካት የለበትም፤ 104 ማለት በአንድ ጎማ 900 ኪሎ፣ 112 ማለት 1,120 ኪሎ ነው። የቸርኬው የመሸከም አቅምም ከጎማው ማነስ የለበትም።

በአሮጌ ላንድክሩዘሮች ላይ የሚገኘው ባለ ቀለበት ቸርኬ ከ7.50 አር 16 ጎማ፣ ከካላማዳሪና ከፍላፕ ጋር የሚሠራ ነው። ቀለበቱ ከዛገ ወይም በትክክል ካልተቀመጠ አየር ሲሞላ ተፈናጥሮ ሰው ሊገድል ይችላል። ጎሚስታው አየሩን ሙሉ በሙሉ ሳያስወጣ መፍታት፣ ከብረት አጥር ውጭም መሙላት የለበትም።

ሳልቫጅ ቸርኬ ከመገዛቱ በፊት ቀለሙ በብረት ብሩሽ ተፍቆ በቡሎን ቀዳዳዎቹ ዙሪያ ስንጥቅ መኖሩ፣ ቀዳዳዎቹም ወደ እንቁላል ቅርጽ መለጠጣቸው ይታያል፤ ከሁለቱ አንዱ ካለ ቸርኬው በብየዳ አይድንም። ሲገጠም ዳዶዎቹ በመስቀል ቅደም ተከተል ይጠበቃሉ፤ ለ12 ሚሊ ሜትር ቡሎን 110 ኒውተን ሜትር ያህል ይበቃል። አዲስ የተገጠመ ቸርኬ ከ50 እስከ 100 ኪሎ ሜትር ከሄደ በኋላ እንደገና ይጠበቃል፤ ሐረር ደርሶ መመለስ ይህን ያህል ነው። ስኮርታውም በተመሳሳይ ልክ መቀየር አለበት፤ ዳዶው ከሌሎቹ የሚለይ ከሆነ የራሱ ዳዶ ከክሪኩ ጋር ይቀመጣል።