የሕክምና ተማሪዎች በሽታን የመለየት ብቃት እንዴት ይዳብራል?

የሕክምና ተማሪ በክፍል ውስጥ የቀሰመውን ዕውቀት የታማሚን ችግር ለይቶ ለመፍታት የማዋል ብቃትን የሚያዳብረው በርካታ ታማሚዎችን በየአልጋቸው አጠገብ እያየ በሂደት ነው።

ቀደም ሲል ይህ ብቃት ለማንኛውም በሽታ የሚያገለግል አንድ ወጥ የአስተሳሰብ ዘዴ ተደርጎ ይታሰብ ነበር። አርተር ኤልስታይንና ባልደረቦቻቸው እ.ኤ.አ. በ1978 በአሜሪካ በመጽሐፍ ያሳተሙት ጥናት ግን ይህን ግምት አልደገፈውም። በሙያ አጋሮቹ የተመሰገነውም ሆነ ሌላው ሐኪም ታማሚውን ማነጋገር እንደጀመረ ጥቂት መላ ምቶችን ይይዛል። ልዩነቱን የሚፈጥረው ስለ ጉዳዩ ያለው ዕውቀት በመሆኑ፣ አንዱን ጉዳይ በሚገባ የፈታ ሐኪም በሌላው ሊሳሳት ይችላል።

ትኩሳት፣ ራስ ምታትና ቁርጥማት ያለበትን ታማሚ ለአብነት መውሰድ ይቻላል። ጀማሪው ተማሪ ወባ፣ ታይፎይድ፣ ታይፈስ፣ ግርሻ እያለ የተማረውን ይዘረዝራል። ብዙ ያየ ሐኪም ግን ታማሚው ሰሞኑን ከቆላ መምጣት አለመምጣቱን፣ በተጨናነቀ ማደሪያ መኖር አለመኖሩንና ልብሱ ላይ ቅማል መኖሩን አስቀድሞ ያጣራል። በቅማል የሚተላለፈው ግርሻ ወባ በሚመረመርበት የደም ናሙና ላይ በማይክሮስኮፕ ሊታይ ቢችልም፣ ካልተጠረጠረ ሊታለፍ ይችላል። ስህተቱም ቀላል አይደለም። ታማሚው የወባ መድኃኒት ብቻ ይዞ ወደ ቤቱ ቢመለስ ሕመሙ ሊጠናበት ይችላል። ተገቢው መድኃኒት ሲሰጠውም በመጀመሪያዎቹ ሰዓታት ብርቱ ብርድ ብርድ ማለትና የደም ግፊት መውረድ ሊከተል ስለሚችል የቅርብ ክትትል ያሻዋል።

የኔዘርላንድ ተመራማሪዎች ሄንክ ሽሚትና ሄኒ ቦሹይዘን እንዳስረዱት፣ ተማሪው ተመሳሳይ ታማሚዎችን ደጋግሞ ሲያይ የተበታተነው ዕውቀቱ ማን፣ የትና እንዴት እንደሚታመም ወደሚያሳይ የበሽታ ምስል ይሰባሰባል።

በመሆኑም መምህሩ በራውንድ ወቅት የላቦራቶሪ ውጤቱ ከመምጣቱ በፊት ተማሪው ግምቱን ከነምክንያቱ እንዲናገር፣ በኋላም የታማሚውን መጨረሻ እንዲከታተል ማድረግ ይኖርበታል። በአንድ አልጋ ዙሪያ በርካታ ተማሪዎች ሲቆሙ ግን ይህ ዕድል የሚደርሰው ለጥቂቶቹ ብቻ ነው።

ተማሪን በአንድ ታማሚ ብቻ መፈተንም ብቃቱን በትክክል አያሳይም። በስኮትላንድ ዳንዲ በሮናልድ ሃርደን መሪነት ተዘጋጅቶ እ.ኤ.አ. በ1975 ይፋ የሆነው የፈተና ስልት ተማሪው ከጣቢያ ወደ ጣቢያ እየተዘዋወረ በተለያዩ ጉዳዮች እንዲመዘን የሚያደርግ ነው።