ሁለት ገንዘብ በሚገናኝበት ከተማ

ታሪክ የምናስተምር ሁሉ የማስረጃ እጥረት እንዳለብን ደጋግመን እንናገራለን። በድንበር ከተማዋ በሞያሌ ግን ማስረጃው ሩቅ አይደለም። በኬንያው በኩል ባለው ገበያ ብርና ሽልንግ ይገናኛሉ፤ በየቤቱ ሣጥንም ከመገበያያነት የወጣ ሣንቲም አይጠፋም። ከዚህ መካከል ለመታሰቢያ የተሠራው ለትምህርት እጅግ ይጠቅማል፤ መንግሥት ምን እንዲታወስለት እንደ ፈለገ በግልጽ ይናገራልና።

ለምሳሌ እ.ኤ.አ. በ2003 ኬንያ ነጻነቷን ያገኘችበትን 40ኛ ዓመት ምክንያት በማድረግ ባለ 40 ሽልንግ ሣንቲም አሠርታለች። የዋጋው ቁጥር ራሱ መታሰቢያ ነው። ነጻነቱ የተገኘው እ.ኤ.አ. በ1963 ሲሆን፣ በሣንቲሙ ላይ ያለው ምስል ግን በ2003 ሥልጣን ላይ የነበሩት የፕሬዚዳንት ምዋይ ኪባኪ ነው። ይህ ስለ ምን ሆነ? ተማሪው ይህን ከጠየቀ ታሪክ መማር ጀምሯል። እ.ኤ.አ. በ2010 የጸደቀው ሕገ መንግሥት የማንም ሰው ምስል በገንዘብ ላይ እንዳይወጣ ከለከለ፤ በ2018 የወጡት ሣንቲሞችም ቀጭኔ፣ አውራሪስ፣ አንበሳና ዝሆን ይዘው መጡ። አንድ አገር ስለ ሥልጣን ያደረገው ክርክር እንግዲህ በኪስ ውስጥ ይገኛል።

ነገር ግን ሣንቲም የሚለውን ሁሉ እንዳለ መቀበል አይገባም። ጠገራ ብር የሚያሳየው ዓመት እ.ኤ.አ. 1780 ነው፤ ይኸውም ንግሥት ማሪያ ቴሬዛ የሞተችበት ዓመት ነው። ከሞተች በኋላም ይኸው ዓመት ሳይለወጥ ለረጅም ዘመን ሲመታ ኖሯል። ስለዚህ ዓመቱ የተሠራበትን ጊዜ አያረጋግጥም። ዳግማዊ ምኒልክም በ1887 ዓ.ም. ዓመቱ በግእዝ ቁጥር የተጻፈበት ብር በፓሪስ አስመትተው ነበር፤ ሕዝቡ ግን ጠገራውን ቶሎ አልተወም። መንግሥት ያዘዘውና ሕዝብ ያመነበት ሁልጊዜ አንድ አይደለም።

እንዲሁም የእንግሊዝ ንጉሥ ምስል ያለበት የምሥራቅ አፍሪካ ሽልንግ በኢትዮጵያ ቤት ቢገኝ የግድ ከኬንያ የመጣ ነው አንበል። ከ1933 ዓ.ም. በኋላ፣ አዲሱ የኢትዮጵያ ገንዘብ በሐምሌ ወር 1937 ዓ.ም. እስኪወጣ ድረስ፣ በኢትዮጵያም ይሠራበት ነበርና።

እንግዲህ የሙያ ጓደኞቻችን፣ ምን እናድርግ? ብዙ ጠገራ ብር ቀልጦ መስቀልና ጌጥ ሆኗል፤ የባለቤቱ ትዝታም አብሮ ጠፍቷል። ተማሪዎች ሣንቲሙን ከቤት እንዲያወጡ አንጠይቅ፤ ንብረቱ የቤተሰቡ ነው። በባለቤቱ ፈቃድ ወረቀት ደርበው በእርሳስ ይሹት፤ መልኩ በወረቀቱ ላይ ይወጣል። በአሸዋም ሆነ በአመድ አይፈትጉት፤ ጽሑፉ ይጠፋልና። ከዚያ ማን እንዳስቀመጠው፣ በምን እንዳገኘው፣ ስለ ምን ሳይሸጠው እንደ ቆየ አያቶቻቸውን ጠይቀው ይጻፉ። ሣንቲሙ ወደ ሣጥኑ ይመለሳል፤ ታሪኩ ግን በክፍሉ ይቀራል። ለትምህርት ቤት የሚበጀው ስብስብ ይህ ነው።